ያላረመችው ስህተት

ሰፈሩ «ጋሽ ሰበር» ይለዋል። ስሙ ከሰበር ዜና የመጣ ነው፤ ዜናው ከሬዲዮኑ ወጥቶ ሳያልቅ እሱ መንገዱን ተሻግሮ ለዳቦ ሻጩ ያደርሰዋል። ሙያው ልብስ ስፌት ነው። እጁ ጥሩ ነው፣ ይህን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ክርክር በጋለበት ዕለት ሱሪውን የሰጠ ሰው አንዱ እግር ከሌላው አጥሮ ቢያገኘው ራሱን ይውቀስ። «ምርጫ ሲደርስ ለጋሽ ሰበር ጨርቅ አይሰጥም» የሚል ቀልድም አለ። በቀልዱ እሱም ይስቃል፣ ከሳቀ በኋላ ግን ይከራከርበታል።

ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። የስፌት መኪናው በሩ አጠገብ፣ ካውያው መስኮቱ ሥር፣ ሬዲዮኑ ከክሮቹ ጋር መደርደሪያው ላይ ናቸው። ከመኪናው በስተጀርባ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ አለ፣ አልጋው ላይ ደግሞ ሚስቱ።

ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ታሪክ ያስተማረች መምህርት ናት። ትዳራቸው የቆመው በአንድ ሥርዓት ነበር፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ታርማለች። እሱ «ጦርነቱ ያን ጊዜ ነው የተጀመረው» ሲል እሷ ከተማሪ ደብተር ላይ ቀና ሳትል «ያን ጊዜማ አለቀ» ትለዋለች። አንዱን ንጉሥ ያለ ዕለቱ ሲገድልባት ሃያ ዓመት ጨምራ ታኖርለታለች። ተሳስታ አታውቅም፣ እሱም በዚህ ሲናደድ ኖሯል። ተናዶ ይወጣል፣ በማግስቱ ሌላ ስህተት ይዞላት ይመጣል።

ከጥቂት ወራት በፊት ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ወደቀች። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጇ ከዳት፣ አንደበቷም አብሮ ሄደ። የንግግር ሐኪሟ ልጃቸውን ጠርታ ነገረቻት፤ ቃላቱ አልጠፉም፣ ውስጧ አሉ፤ ግን ዝም ባለች ቁጥር መውጫው እየጠበበ ይሄዳል፣ መናገር እንዲያምራት አድርጉ። ልጅቷም ይህንኑ ለአባቷ አደረሰች።

«አንተ ደግሞ አባዬ፣ እባክህ ትንሽ አፍህን ሰብስብና ፋታ ስጣት» አለችው።

ጋሽ ሰበር ከዚህ ሁሉ ምክር የሰማው የሚመቸውን ብቻ ነው። መናገር ያምራት፤ ይኼው። እሷን ለማናገር ደግሞ የሚያውቀው ዘዴ አንድ ነው፣ እሱም መሳሳት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያልተሰማ ጉድ የለም። ጠዋት መጋረጃውን ገልጦ ከሬዲዮ የለቀመውን ወሬ ይዘረግፍላታል። አንድ ሰውዬ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ፍርድ ቤት እንዳቆመው ይነግራታል፤ ዳኛው ለዶሮው እንደፈረደለት ይጨምርበታል፣ ይህን ሬዲዮኑ አላለም። በአንድ ከተማ ስለ ሐውልት እየተጣሉ ነው፤ ፈረሰኛው ይውረድ የሚሉ አሉ፣ ፈረሱ ብቻ ይቆይ የሚሉም አሉ። «ፈረሱ ምን አጠፋ?» ይላታል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ጉዳዩ ይገባል።

«እንዲያው ሳስበው፣ ናፖሊዮን እነዚያን ሁሉ ዝሆኖች እየነዳ የበረዶውን ተራራ ሲሻገር ብርዱን እንዴት ቻለው?»

ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው።

«ፒራሚዶቹንስ ብትዪ፣ ሮማውያን ለዕረፍት ቤት ብለው ነው አሉ የሠሯቸው።»

ምንም የለም። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ከመጀመሪያው ያስቀደመባት ዕለት የከንፈሯ ግራ ጫፍ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ፤ ከንፈሯ ተመልሶ ተኛ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪ ስታርም የኖረች ሴት፣ የትኛው ስህተት ካለማወቅ፣ የትኛው ከተንኮል እንደሚመጣ እሱ ሊያስተምራት ነው? እያወቀ እንደሚሳሳት ታውቃለች። አዝናለትም ይሆናል፣ ብቻ ለእንዲህ ያለው ማጭበርበር የተማረችውን አታባክንም።

እሱ ግን መቀመጥ አልቻለም። ሁለት እጥፋት ሰፍቶ ይነሣል፣ መጋረጃውን ይገልጣል፣ ይመለሳል፣ ጣቢያ ይቀይራል፣ ክሩ ይበጠስበታል፣ መርፌውን ይረግማል። ካውያውን ረስቶ የሰው ኮሌታ ያቃጠለውም በዚህ ሰሞን ነው። ፈርቶ ነበር። መንደሩን ሁሉ ሲሞግት የኖረው ቤቱ ውስጥ የሚያርመው ሰው ስላለ ነው፤ ቢሳሳትም ማታ ይስተካከላል። አሁን የተናገረው ሁሉ እንደወጣ ይቀራል። የሚያርመው የሌለው ለፍላፊ ከእብድ በምን ይለያል? ሰፈሩ ይህን ማንሾካሾክ ጀምሯል፤ ደግነቱ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሱ አልሰማም።

«አባዬ፣ ዝሆኑን ተወው» አለችው ልጁ አንድ ቀን፣ የእናቷን ትራስ እያስተካከለች። «አድክመሃታል።»

«ዝም ካልኩማ ዝም ማለት የሚቻል ይመስላታል!»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። እሱም በዚህ ሰሞን ከተናገረው ሁሉ እውነት ያለው ይኼ ብቻ እንደሆነ ታወቀውና ወደ መኪናው ሸሸ።

በዚህ መሀል የመናኸሪያው ነገር መጣ። ከተማው አሮጌውን የአውቶቡስ መናኸሪያ አፍርሶ የገበያ ሕንጻ ሊያቆም ነው ተባለና ሬዲዮኑ ቀውጢ ሆነ። ግማሹ «ታሪክ ነው፣ አይነካም» ይላል። ግማሹ «የምን ታሪክ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ» ይላል። ጋሽ ሰበር ከሁለቱም ወገን ጋር ሲከራከር ሰነበተ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነ ደንበኛው የሥራ ሱሪውን ሊወስድ መጣ። ሱሪው አልደረሰም፣ ዚፑ ገና ነው።

«ይቀመጡ አልልህም፣ ልጅ ነህ፤ ተቀመጥ» አለው። «ደርሷል በለው።»

ሹፌሩ ሳቀና ተቀመጠ። «ጋሼ፣ መናኸሪያችንን ሊያፈርሱብን ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጋሽ ሰበር የሚጠየቅ አይደለም። እግሩ ከፔዳሉ ወረደ፣ አመልካች ጣቱ ወደ ላይ ወጣ።

«ይፍረስ! መጀመሪያ እኔ ነኝ ዶማ የማነሣው። ያ መናኸሪያ ምን እንደሠራኝ ታውቃለህ? ጎረምሳ ሆኜ፣ ገና ሳንጋባ፣ ሩቅ አገር የደንብ ልብስ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ። እሷ ልትሸኘኝ ቃል ገባች። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አንገቴ እስኪጣመም በመስኮት አያለሁ፤ ወፍ የለም! አልመጣችም። ለካ የፈተና ወረቀት እያረመች ነው። እኔን ለተማሪ ወረቀት ሸጠችኝ! ተመልሼ እስካገባት ድረስ ስንቱን ቀን እንዳኮረፍኩ...»

ይህን ታሪክ ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል። በግብዣ ሁሉ ይነግረዋል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሷም ፈገግ ትላለች። የዓለምን ስህተት ስታርም የኖረች ሴት በዚህች ላይ አንድም ቀን ቃል ተንፍሳ አታውቅም። እሱም ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቆጥሮ፣ በትዳራቸው ውስጥ በእርግጠኝነት የረታበት ክርክር ይህ ብቻ ስለሆነ፣ ሲወደው ኖሯል።

«...ስለዚህ ይፍረስ! ድንጋይ በድንጋይ ላይ...»

«መ... ጥቼ... ነበር።»

ጋሽ ሰበር ሬዲዮኑን ዞሮ አየ።

«ከጓዳ ነው ጋሼ» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ።

ወንበሩ ወደቀ። መጋረጃውን ከገመዱ ጋር ይዞት ገባ። ሚስቱ ጣሪያውን አይደለም የምታየው፤ እሱን ነው። ግንባሯ በላብ ርሷል።

«ተናገርሽ! ልጄ! የት ሄደች ይቺ ልጅ፣ ተናገረች እኮ! ድገሚው እስቲ የኔ እናት፣ ድገሚው!» እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፣ እሱ አላወቀውም። እጇን ያዘ፣ ግንባሯን ሳመ፣ ተነሣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ምን እንዳለች የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«መጥቼ ነበር?» አለ። «የት? መናኸሪያው?»

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች።

«ታዲያ... እኔ እኮ በመስኮት...»

ደህነኛው ግራ እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ እያለ ወጣ። አመልካች ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረችና ወዲያና ወዲህ ነቀነቀችው። የሱ ጣት ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ ልጆች የሚቀልዱበት፣ ከአፍታ በፊት ሹፌሩ ፊት ሲወዛወዝ የነበረው።

«ስት... ከራከር» አለች።

ለጋሽ ሰበር ባርኔጣ ያደረገ አንድ ወፍራም ሰውዬ ታየው፤ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠ። መስኮቱ ከሱ ኋላ ነበር፣ ከጀርባው፣ ገርበብ ብሎ የተከፈተ። ሰውዬውን አፋጥጦ ይዞታል፣ ሰውዬው አልረታም ብሏል፣ ተሳፋሪው ይስቃል፣ ከዚያ አውቶቡሱ ተነቃነቀ። ያኔ ነው ዞሮ በመስኮት ያየው። አንገቱ የተጣመመው ያኔ ነው።

ስንት ጊዜ ነው ይህን ታሪክ እየነገረ ሰው ያሳቀው? ስንት ጊዜ ነው እሷ ለእንግዳ ሳህን እያቀረበች ፈገግ ያለችው? አፈረ። እንደዚያ ያፈረበት ቀን የለም። መስታወቱን ማንኳኳት ስትችል ለምን ተመልሳ ሄደች? ለምንስ አገባችው? ይህ ሁሉ ደረቱ ውስጥ ተጋፋ፣ እሱ ግን መርጦ ሳይሆን የቀደመውን ጠየቀ።

«ስለ ምን ነበር የምከራከረው?»

እሱ አያስታውሰውም። ያን ያህል ያነደደው፣ ጀርባውን ያዞረበት ነገር ግብር ይሁን፣ ጦርነት ይሁን፣ የዘፋኝ ጋብቻ ይሁን፣ ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። እሷ ግን ታውቃለች። ዓይኗ ውስጥ አየው፤ እንኳን ርዕሱን፣ ሰውዬው የመለሰለትንም ታውቃለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የመጀመሪያዋ ፊደል አልወጣ አለች። አቋረጠች፣ ምራቋን ዋጠች፣ እንደገና ጀመረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሱ እስካሁን ሦስት ቃል አቀብሏት፣ ሦስቱም ተሳስተው ነበር። አሁን የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ጠበቀ።

«ጋሼ!» አለ ሹፌሩ ከሱቁ፣ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ። «ጋሼ ይስሙ፣ ስለ መናኸሪያው ተወሰነ! ሰበር ዜና ነው!»

ጋሽ ሰበር አልዞረም።

«ዝጋው ልጄ» አለ። «እየተናገረች ነው።»