የብስኩቱ ወረቀት

ሰንጋ ተራ ሳምቡሳ የምትሸጠው ሴት በወረቀት ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ ዛሬም ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስቼ አያለሁ። ዘይት የነካው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል።

ይህን ያስተማሩን የሳይንስ መምህራችን ናቸው። ሁዳዴ ነበር። ትምህርት ቤት የታደለኝን ብስኩት፣ ወተት ይኖረው ይሆን ብዬ ጠርጥሬ፣ እየራበኝ ልደታ ቤታችን ድረስ ይዤው ሄድኩ። ያሳደጉኝ አያቴ፣ አባባ፣ እያዩኝ ወረቀት ላይ ፈተግኩት።

«ቅባት አለው» አልኳቸው።

«የላም ነው የኑግ?»

«እሱን አይለይም።»

«ታዲያ ምኑን ተማርከው?»

ብስኩቱን በዚያው ወረቀት ጠቅልለው ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጡት። «ለፋሲካ ትበላዋለህ» አሉኝ። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም ነበር፤ ከዚያ በኋላም ቤታችን ውስጥ ብዙ የሚበላ አልነበረም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ወንበር ላይ ቆሜ ሳወርደው ወረቀቱን ብቻ አገኘሁ።

«አይጥ ነው» አሉ አባባ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው።

ወረቀቱ ግን አልተቦጨቀም። በሥርዓት አራት ቦታ ታጥፎ ነበር።

ሳምቡሳዬን ጨርሼ እጄን ሳይ፣ ሳላስበው የዛሬውንም ወረቀት አራት ቦታ አጥፌዋለሁ። ወረቀት እንዲህ ማጠፍ ያስተማሩኝ አባባ ናቸው።