ለጫልቱ መስመር ወደ ሱሉልታ

ከሰበታ የተነሣሁት በማለዳ ነው። ሱሉልታ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር መረቡን ወደ አዲሱ የእናቶች ክፍል ሊያዳርስ ፈልጎ የፋይበር ገመዱን ቀብረንለት ነበር፤ የቀረኝ ዳርና ዳር መሣሪያውን ማገናኘት ብቻ ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ጫልቱ እየደወለች "ምጥ የያዛት ሴት ካርድ እስኪመጣላት በር ላይ ስትቆም አያሳዝንሽም? መቼ ነው የምትመጪው?" ትለኝ ነበር። ገመዱ በክሊኒኩና በአዲሱ ክፍል መሀል ባለው በአባቷ ግቢ እንዲያልፍ አባቷን የለመነችውም እሷ ናት።

ቡራዩ

በዓለም ገና በኩል አየር ጤና ደርሼ ወደ ቡራዩ ዞርኩ፤ የፋይበር መበየጃው ማሽን እዚያ ባልደረባዬ ዘንድ ነበር። ፉል በዳቦ በልቼ ማሽኑን አቅፌ በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ዳገት ወጣሁ። ከባሕር ዛፉ የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል።

ሱሉልታ

ሜዳው ላይ ድርቆሽ ተከምሯል። በባጃጅ ክሊኒኩ ደረስኩ። ሲስተር ሂሩትን "ጫልቱስ?" አልኳት።

"አልሰማሽም እንዴ? ከጫንጮ ስትመለስ መኪናው ተገለበጠ። ትናንት ቀበርናት።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ልመለስ ብዬ ነበር። ሂሩት ግን "ሥሪው እባክሽ፤ ዛሬም ምጥ የያዛት አለች" አለችኝ።

መሣሪያውን አገናኘሁ፤ የግንኙነት መብራቱ አልበራም። ሌላ ቀየርኩ፣ የገመዱን ጫፍ አጸዳሁ፤ ያው ነው። በአንዱ ጫፍ ቀይ የመፈተሻ ብርሃን ብለቅም በሌላው አልወጣም። መለኪያው ገመዱ መሀል ላይ መበጠሱን አሳየኝ። መሀሉ የጫልቱ አባት የኦቦ ደቻሳ ግቢ ነው።

ቀዩን ብርሃን እንደበራ ትቼ፣ ከሂሩት ነጠላ ተውሼ ሄድኩ። የለቅሶው ድንኳን ገመዱን በቀበርንበት መስመር ላይ ተተክሏል፤ አንዱ የብረት ካስማም በዚያው ገብቷል። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ብዬ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ።

ኦቦ ደቻሳ ቦርሳዬን አዩ። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ለመስመሩ ነው የመጣሽው?"

"አዎ፣ ኦቦ። ሌላ ቀን እመለሳለሁ።"

"ምን ሆነ?"

"ካስማው ገመዱን ሳይቆርጠው አልቀረም።"

ካስማውን አዩት። ከዚያ "ግቢዬን አላስቆፍርም ብላት ለወላዶቹ ስትል እህል አልቀምስም ብላ አሸነፈችኝ" አሉ። "ድንኳኑም የሷ ነው፣ መስመሩም የሷ ነው። ካስማውን ንቀሉት።"

የተነሣ የለም። ራሳቸው ሄደው ካስማውን ነቀሉ። ይሄኔ ወንዶቹ ተነሥተው ሸራውን በእጃቸው ደግፈው ያዙልኝ። ስቆፍር ከአፈሩ ውስጥ ቀይዋ ብርሃን ብቅ አለች። እናቷ "ጫልቱ ኮ፣ ጫልቱዬ!" ብለው ጮኹ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ተንበርክኬ ቁራጭ ገመድ ጨምሬ በየድኩ። የመጀመሪያው ብየዳ አልያዘም። ደገምኩት።

ክሊኒኩ ስመለስ መብራቱ በርቷል። ሂሩት በአዲሱ ክፍል ኮምፒውተር የወላዷን ካርድ ከፍታ ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

ሰበታ

ሲመሽ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ "ሥራው እንዴት ነበር?" ሲለኝ "ተሠራ" አልኩና ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አለቀስኩ። ሐዘን የገባው ሰው ከራሱ ሐዘን ሌላ የሚታየው አይመስለኝም ነበር። ኦቦ ደቻሳ ግን ልጃቸውን በቀበሩ ማግሥት፣ ስሟን እንኳ ለማያውቋት ወላድ ብለው ካስማ ነቀሉ።