አባቴ ለባሌ ያስተማረው ሥራ

ባሌና አባቴ መኪና ሥር ተኝተው ሲሳሳቁ ስሰማ ተነስቼ ወደ ቤት እገባ ነበር። ሴት በገዛ ባሏ ትቀናለች ወይ? ያውም በአባቷ ምክንያት? እኔ ቀንቻለሁ።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። ሲበላሽበትም ራሱ ነበር የሚጠግነው። ልጅ ሆኜ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ የጠየቀኝን መፍቻ ቁልፍ አቀብለው ነበር። እጄን ወደ ሥራው ስሰድ ግን፣ "ተይ፣ ሂጂ አጥኚ" ይለኝ ነበር። አጠናሁ። ይኸው ዛሬ ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ አረቅቃለሁ።

ካገባሁ በኋላ ከከተማው ዳር ቱላ ሰፈር ቤት ይዘን ዕድሜዋ የገፋ መኪና ገዛን። አምና ክረምት ጉድጓድ በነካች ቁጥር ከፊት እግሯ፣ ከጎማዋ በኩል፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ አመጣች። አዲስ ከተማ ሰፈር፣ አባቴ ቤት ወሰድናት። ከሥሯ ብረት አስገብቶ ወዘወዘና፣ "ጎሚኒው አልቋል" አለ። ጎሚኒ የፊት እግሩ ብረት ከመኪናው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚገባ ላስቲክ ነው፤ ሲበላ ብረት ከብረት ይጋጫል።

"ጋራዥ እንውሰዳት?" አልኩት።

"ምን ጋራዥ! ከልጄ ጋር እዚሁ እንሠራታለን።"

ልጄ ያለው ባሌን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በክሪክ አነሷት። አባቴ እያንዳንዱን ነገር ለባሌ ሲያሳየው፣ አሮጌውን ላስቲክ እንዴት እንደሚያወጣ፣ አዲሱን እንዴት ሳሙና ቀብቶ በሞርሳ መቆንጠጫ ጨቁኖ እንደሚያስገባ ሲነግረው፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ድምፁ እንዲያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም።

ሊጨርሱ ሲሉ ጎረቤት ጠራውና አባቴ ወደ በር ወጣ። ባሌ መኪናዋ ገና በክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ ቡሎኖቹን ጥርሱን ነክሶ አጠበቃቸው። እንደዚያ እንደማይደረግ አውቃለሁ። መኪናዋ በእግሯ ቆማ ክብደቷ ሳያርፍ ቡሎኑ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠማዞ ይቀደዳል። ይህን አባቴ ድሮ ለረዳቱ ሲናገር ሰምቻለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

አባቴ ተመልሶ ከቡሎኖቹ ሁለቱን ነካ ነካ አደረገና፣ "ጎበዝ! እጅህ ይባረክ" አለው። መናገር የነበረብኝ ያኔም ነበር። ሽንኩርቴን ይዤ ገባሁ።

ወር ሳይሞላ ቋ፣ ቋ የሚለው ድምፅ ተመለሰ። አባቴ ፈቶ ሲያየው ላስቲኩ ተቀዷል።

"ተንጠልጥላ ሳለች ነው ቡሎኑ የጠበቀው። ሳልነግርህ ቀረሁ፣ ልጄ። አርጅቻለሁ፤ ጭንቅላቴም አይይዝም" አለ።

"ኧረ አባባ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? የቸኮልኩት እኔ ነኝ" አለው ባሌ።

አባቴ የተቀደደውን ላስቲክ በጣቶቹ መካከል ሲያገላብጥ ፊቱ ጨልሞ ነበር። ያንን መቻል አቃተኝ።

"አባዬ፣ እኔ አይቼ ነበር።"

"ምኑን?"

"ሲያጠብቀው። ልክ እንዳልሆነም አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ቀናሁ። እኔን ተይ እያልክ አሳደግከኝ፤ እሱን ግን አጠገብህ አስተኝተህ ታስተምረዋለህ።"

አባቴ ጥፍሮቹ ሥር የተጋገረውን ግራሶ አሳየኝ።

"ይኼ እንዳይደርስብሽ ብዬ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን ፈልጌው ነበር።"

በሳምንቱ አዲስ ጎሚኒ ገዝተን ወደ አባቴ ቤት ስንመለስ ባሌ የራሱን ቱታ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፌ ለበስኩትና መኪናዋ ሥር ገባሁ። አንዱ ቡሎን አልፈታ ሲለኝ አባቴ ልማድ ሆኖበት፣ "ልጄ፣ እርዳት እንጂ" አለ።

"ማንም እንዳይነካው!" ብዬ ጮህኩ። የቁልፉን እጀታ በእግሬ ገፋሁት፤ ቡሎኑ ጮኸና ተፈታ።

ሥራው እስከ ከሰዓት ወሰደብኝ። መኪናዋን አውርጄ፣ በእግሯ አቁሜ፣ ቡሎኖቹን አጠበቅኋቸው። አባቴ ጎበዝ አላለኝም። ቁልፉን ተቀብሎ ሁሉንም አንድ በአንድ እንደገና ሞከራቸው። የባሌን ሥራ ነካ ነካ አድርጎ ነበር የተወው። ይህንንም ቆጠርኩበት። አንዱም ግን አልላላም።

ወደ ቱላ ስንመለስ ኮብልስቶኑን ሁሉ ያለ ድምፅ አለፍነው።

እስካሁን አባቴ ሲደውል "መኪናዋ እንዴት ናት?" ብሎ የሚጠይቀው ባሌን ነው። እኔ ስልኩን ከባሌ እጅ ወስጄ፣ "ደህና ናት፣ አባዬ" እለዋለሁ።