ከፍ ከፍ ያለው ወንበር

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ሲቆርጥ የኖረው ፀጉር አስተካካይ ጥፋቱን የጣለው ወንበሩ ላይ ነበር። መልስ በማይሰጥ ነገር ላይ መፍረድ ይቀላል። በእግር እየተረገጠ ከፍና ዝቅ የሚለውን የደንበኛ ወንበር በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝቅ ሲያደርገው ከርሞ፣ አሁን የመጨረሻው ልክ ላይ ደርሷል። እጁ ግን ዛሬም የደንበኛው አናት ላይ አልደርስ አለው። ወንበሩ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ እየወጣ ነው ብሎ ጠጋኝ ጠራ። ጉድ ነው እኮ!

ጠጋኙ አብሮ አደጉ ነው፤ መጀመሪያ ሳቀበት። ወንበሩን ፈታ፣ ገጠመ፣ በሜትር ለካ፣ ደግሞ ለካ። ከዚያ ሳቁን ተወው።

«ወንበርህ እንደ ድሮው ነው፣ ወንድሜ» አለው። «እስቲ እጅህን ወደ ላይ አንሳ።»

አነሳ። ክንዱ ትከሻው ጋ ሲደርስ አልታዘዝ ብሎት ወረደ። ሁለቱም ክው አሉ።

በማግስቱ ሚስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ደሙን አስመረመረች፤ የዐይኑ ቆብ ላይ የወጣውን ወይን ጠጅ መልክና የጣቶቹን አንጓ ቀይ ሽፍታ አየች። እሱ የመላጫ ሳሙና ያመጣው ነው ብሎ ንቆት ነበር። ምርመራው ሲያልቅ የጡንቻ ብግነት ነው አለችው። ከበሽታ እንዲጠብቀው የቆመው የሰውነቱ ዘብ ተሳስቶ የገዛ ጡንቻውን እየወጋ ነው፤ የሚጀምረውም ከትከሻና ከጭን ነው፤ ሕመሙ ብዙ ስለማይሰማ ሰው ድካም ይለዋል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ጣቶቹ ደህና ስለነበሩ፣ መቀሱም እንደ ወትሮው ስለሚሠራ፣ ትከሻውን ማን ጠረጠረ?

እጁ ወደ ሥራው ይመለስ እንደሆነ ጠየቃት። መድኃኒት አለው፣ ቶሎ ከተያዘ ብዙው ጉልበት ይመለሳል፤ ከቆየ ግን ቃል አልገባም አለች። ቀጥላም እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ፀጉርዎን ማበጠር ያቃተዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አላቃተኝም ሊል አፉን ከፈተ። ፀጉሩ እኮ እንደተበጠረ ነው። ሚስቱ ቀደመችው።

«ስድስት ወር ሆነው» አለች። «የማበጥረው እኔ ነኝ። ‹ስንቱን ሳበጥር ኖሬ አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው› እያለ ማበጠሪያውን ሲሰጠኝ፣ መሞላቀቅ መስሎኝ።»

ሐኪሟ ስድስት ብላ ጻፈች።

ባል ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ደንግጦ ነበር።

«እኔም» አላት። «እኔም መሞላቀቅ መስሎኝ ነበር።»