የማይጠቁረው ቀለበት

ሸዋአየሁ በዓለም ላይ ካለ ነገር ሁሉ አብልጣ የምታምነው በረኪናን ነበር። ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በቆመች አንዲት ፔንሲዮን ውስጥ ክፍል ስታጸዳ ወጣትነቷን የጨረሰች ሴት ናት። አንሶላ ቢቆሽሽ በረኪና፣ መታጠቢያው ቢወይብ በረኪና፣ ብርጭቆ ቢደበዝዝ በረኪና። ቤቷ ሄዳ እንኳን እጇ ሽታውን አይለቅም። እንግዲህ ጥፋቷ የመጣው ከዚህ እምነት ነው እንጂ ክፋት አልነበረበትም።

ያን ዕለት ጠዋት ላይኛው ፎቅ ያደረው ተከስተ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ወጣ። ተከስተ ከመቀሌ ለንግድ የሚመላለስ ወጣት ነው፤ አዲስ አበባ ሲመጣ ሌላ ቤት አያድርም፣ ተመልሶም እዚያው ነው የሚያርፈው። ሸዋአየሁ ክፍሉን ልታጸዳ ስትገባ የጋብቻ ቀለበቱን መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አገኘችው። ግራጫ ነው፤ ግን እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። አንስታ ስትይዘው ከመጠኑ በላይ ከበዳት። ሳሙና ደርቆበት ነበር።

«አጥቤ ላቆይለት» አለች። ብርጭቆ ውስጥ በረኪና አፈሰሰች፣ ትንሽ ውሃ ጨመረችበት፣ ቀለበቱን ጣል አደረገችው። ለአፍታ ነበር ሐሳቧ። አልጋውን አንጥፋ ሳትጨርስ ከታች የትርሓስ ድምፅ ተሰማ።

«ውሃ መጣ! ሸዋዬ፣ ውሃ መጣ!»

ትርሓስ ፔንሲዮኗን የምታስተዳድር ሴት ናት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ጥሪ ሰምቶ የሚቆም እግር የለም። ሸዋአየሁ ያንን ሁሉ በርሜል፣ ያንን ሁሉ ጀሪካን ስትሞላ፣ ከዚያ ሳይሄድ ብላ የተከመረውን አንሶላ ስታጥብ ዋለች። ቀለበቱ ትዝ ያላት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ሮጣ ወጣች። ከብርጭቆው ያወጣችው ነገር ጠዋት የጨመረችው አልመስል አላት። ደብዝዟል። እንደ አሮጌ ብረት ድስት ቂጥ ጠቋቁሯል።

እናቷ የአንገቷን የብር መስቀል በአመድና በሎሚ ስትፈትግ ታይ ነበርና እሷም ሎሚ ቆርጣ ፈተገችው። ከድጡ ወደ ማጡ። በጥርስ ሳሙና ሞከረች፤ የባሰ እንጂ የተሻለ አልሆነም።

እሷ እዚያ ቆማ ስታገላብጠው ታች የትርሓስ ስልክ ጮኸ። ተከስተ ነበር።

«አለ፣ አለ» ስትል ትርሓስን ትሰማታለች፣ «ክፍልህን ያጸዳችው ሸዋዬ ናት፤ ቀለበቱ እሷ ጋ ነው። እሷ እጅ ከገባ ታቦት ሥር ገባ በለው። አታስብ በቃ!»

ሸዋአየሁ ደረጃውን እያንገራገረች ወረደችና እጇን ዘረጋች። ትርሓስ አየችው፣ ቀና ብላም እሷን አየቻት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቀለበቱ።»

«ኧረ በማርያም! እኔ እጁ ላይ አይቼዋለሁ እኮ። ፊት ነው የሚያሳየው።»

«በረኪና ውስጥ ረሳሁት።»

ትርሓስ ስልኳን አውጥታ መፈለግ ጀመረች። «ወርቅ አይደለም ብሎኛል፤ ተንግስተን የሚባል ብረት ነው። ቆይ… ይኸው። አይጫርም ይላል። አይጠቁርም ይላል።»

«አይጠቁርም?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ሸዋዬ? ወይ ሲሸጡለት ዋሽተውታል፣ ወይ ደግሞ…» አለችና ቀሪውን ዋጠችው።

የተዋጠው ቃል ከተነገረው በላይ ሸዋአየሁን ወጋት። ወይ ደግሞ ተለውጧል። የማይጠቁር ቀለበት ጠቁሮ ሲያይ ሰውየው ሌላ ምን ሊያስብ ነው? ከዚህ በፊት አብራት ትሠራ የነበረች ቢፍቱ የምትባል ልጅ የእንግዳ ጉትቻ ጠፋ ተብሎ ተባርራለች። ጉትቻው በኋላ ከትራስ ጨርቅ ውስጥ ተገኘ፤ ቢፍቱን ግን ነይ ያላት ሰው የለም። ስም አንዴ ከወደቀ ማን ያነሳዋል?

ድሮ ቢሆን ደግሞ ሰው ነበራት። የካዛንቺስ ጎረቤቶቿ «ሸዋአየሁ? እሷማ አታደርገውም!» ብለው አፍ ያስይዙላት ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ግማሹ ገላን፣ ግማሹ ቦሌ አራብሳ ሄደ፤ ዕድሩም ተበተነ። እሷም ሩቅ ነው የምታድረው፤ ጎረቤቶቿ ገና ስሟን እንኳ በቅጡ አልያዙትም።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ አንድ ወርቅ ቤት ገባች። ሰውየው ቀለበቱን መዳፉ ላይ አነጠረው፣ አሸተተው፣ መለሰላት።

«ብርም አይደል፣ ወርቅም አይደል። እኔ ይሄን አልነካም እናቴ፤ ቢሰነጠቅብኝስ? ወሎ ሰፈር ድንጋይ የሚያለሰልስ ሸምሰዲን የሚባል አለ። እሱ ጋ ሞክሪ።»

ሸምሰዲን ከአንድ ካፌ ጀርባ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከወሎ የሚመጣ ኦፓል የሚባል የጌጥ ድንጋይ የሚሞርድ ጎልማሳ ነው። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ጢሙ በድንጋይ አቧራ ነጥቷል። ቀለበቱን መብራት ሥር ይዞ አየው።

«ምን አድርገሽው ነው እህቴ?»

«በረኪና ውስጥ…»

«በረኪና! ሰው ቀለበት እንደ አንሶላ ይዘፈዝፋል?»

«ያጠራዋል ብዬ ነዋ!»

«ስሚ፤ ይሄ ብረት እንደ ደቃቅ አሸዋ ነው። አሸዋውን አንድ ላይ ያጣበቀ ሌላ ብረት አለ፣ እንደ ሙጫ በይው። በረኪናሽ የላሰው ሙጫውን ነው።»

ሸዋአየሁ ግራ ገባት። «ብረት ሙጫ አለው?»

«ይሄኛው አለው።»

«አይጠቁርም ይላል እኮ ስልኩ።»

«ስልኩ የፔንሲዮን በረኪና አያውቅማ!» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከአልማዝ ዱቄት የተሠራ ቅባት አለኝ አለ፤ ድንጋዩን የሚያበራበት። የሚሽከረከረውን የጨርቅ ጎማ ቀባና ማሽኑን ሲያስነሳ ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። መብራት ሄደ።

«በቃ ነገ ነይ።»

«ይዤው ልሂድና ነገ ላምጣው?»

«መብራቱ ሌሊት ቢመጣስ? ተይው፣ ልክ ሲመጣ እሠራዋለሁ።»

ልትወጣ ስትል ነው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳህን ያየችው። ሦስት አራት ቀለበት ተኝቶበታል፣ ሁሉም ግራጫ። ዓይኗ እዚያ ላይ ሲቀር ሸምሰዲን አየ፤ አልተቆጣም።

«እነዚህ ተራ ብረት ናቸው። ከፈራሽ፣ ስትወስጂው ሚስማር አምጥተሽ ጫሪው። ሚስማር ከበላው ሌላ ነው የሰጠሁሽ፤ በጥፊ ምቺኝ።»

በማግስቱ ስትመለስ ቀለበቱ ውስጡም ውጪውም አብርቶ ጠበቃት። ፊቷን አየችበት፤ የደከመ ፊት። ሸምሰዲንን መርቃ መርቃ ወጣች። ደስታዋ እስከ ታክሲው ነው የቆየው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መሐረቧን ስትፈታ አንድ ነገር ውስጧን ነካው። ከልክ በላይ አበራ። መጀመሪያም እንዲህ ያበራ ነበር? ያን ጠዋት ሲከብዳት ይህን ያህል ነበር የከበዳት ወይስ ከዚህ በላይ? ሳህኑ ላይ የነበሩት ስንት ነበሩ፣ ዛሬስ ስንት ናቸው? አልቆጠረችም። በግራ እጇ ያዘችው፣ በቀኝ እጇ ያዘችው፤ ከባድም መሰላት፣ ቀላልም መሰላት።

ትርሓስ ስታየው እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ይኸው! አምሮበታል! ምን ሆንሽ ደሞ?»

«እሱ ራሱ ይሁን አይሁን አላውቅም።»

«ወይ ሸዋዬ! ትናንት ጠቁሮ አለቀስሽ፣ ዛሬ አብርቶ ታለቅሻለሽ። ዝም ብለሽ ስጪው በቃ። ሰውየው ምን ያውቃል?»

«እሱ ባያውቅስ? ይኸው ቀለበትህ ብዬ በአፌ ልናገር አይደል?»

«ታዲያ ጫሪዋ፣ ሠሪው ራሱ ጫሪ ብሎሽ የለ?»

ሸዋአየሁ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ ሚስማር ያዘች። ጫፉን ቀለበቱ ላይ አሳረፈችው፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ቢጫርስ? ያኔ የሰው ቀለበት ያጠፋች፣ ያስለወጠችም እሷ ናት። ባትጭረው ደግሞ አታውቅም። ሸምሰዲንስ ምን በደላት? እንዳያደርጉባት የምትፈራውን እሷው በሰው ላይ እያደረገችው ነው። ይህን ስታስብ አፈረች፤ ማፈሯ ግን ጥርጣሬዋን አላስለቀቃትም። ሚስማሩን መልሳ አስቀመጠችው።

ተከስተ ሲመጣ ሪሴፕሽኑ ጋ ቆማ ጠበቀችው።

«እትዬ ሸዋአየሁ! ደህና ሰነበቱ? እሷማ በስልክ፣ ቤት ብትመጣ ምሳም የለህም ብላኛለች» አለ፤ ሚስቱን ማለቱ ነው። «ቀለበትህን የጣልክበት ሂድ ነው የምትለኝ።»

ቀለበቱን አቀበለችው። ሊያጠልቀው ሲል፣ «ቆይ፣ አታጥልቀው» አለች። ከጀርባዋ የትርሓስ ቁንጥጫ ክንዷ ላይ አረፈ፤ አልተመለሰችም። በረኪናውን፣ ውሃውን፣ ሎሚውን፣ መብራት መሄዱን፣ ሳህኑን፣ ሁሉንም ነገረችው። ነገሩ ሲወጣ ለራሷም የውሸት ይመስላታል።

ተከስተ ግራ ተጋብቶ ቀለበቱን አገላበጠው። «ግን እኮ… ማለቴ፣ አይጠቁርም ብለው ነው የሸጡልኝ።»

«ጠቆረ።»

«አሁን ደግሞ ይሄው ይበራል።»

«አዎ።»

«ታዲያ የኔ ነው አይደል?»

«እሱን ነው አላውቅም የምልህ ልጄ። አንተ አታውቀውም?»

ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። ጣቱ ላይ አገባው፣ አወጣው። «እኔማ… ቀለበት ነው። ልክ ይሆነኛል። እውነቴን ነው፣ አስተውዬ አይቼው አላውቅም።»

«ሰውየው ሚስማር ከጫረው ያንተ አይደለም ብሏል።»

«ኧረ ተዉ እትዬ፣ እርስዎን አምናለሁ እኮ!» አለ ተከስተ። ይህን እያለ እጁ ኪሱ ገባ፤ የመደብሩን ቁልፍ አወጣና ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስይዞ፣ በቁልፉ ጫፍ ጫን አድርጎ ሳበው።

መስመር ወጣ። ቢጫ፣ ረጅም መስመር።

ትርሓስ አማተበች። ተከስተ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ፤ ዓይኑን ወደ ሸዋአየሁ ላለማንሳት ሲታገል ታየዋለች። የሸዋአየሁ እጅ ግን የዕድሜ ልክ ልማዱ ነውና እድፍ አይቶ ዝም አይልም። የሽርጧን ጫፍ ይዛ መስመሩን ጠረገችው። ጠበቅ አድርጋ ደገመችው።

መስመሩ ጠፋ። ጨርቁ ላይ ወርቅማ ብናኝ ቀረ።

«እንዴ!» አለ ተከስተ። ቁልፉን አነሳው፤ ጫፉ ተፍቆ አብለጭልጯል። «ቁልፌን ነው እንዴ የበላው?» እንደገና ሳበው፣ ራሱ በአውራ ጣቱ ፈተገው፤ ለቀቀ። ሦስተኛ ጊዜም ሞከረ። ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። «የኔ ነው! ራሱ ነው! አላልኳችሁም?»

«መቼ አልክ?» አለች ትርሓስ።

ቀለበቱን አጠለቀ፣ የሸዋአየሁን ትከሻ ሳመ፣ «እኔ እኮ ድሮም አልጠረጠርኩም» ብሎ ሻንጣውን አንስቶ ወጣ። ሸዋአየሁ ደረጃው ሥር ቁጭ አለች። ስሟ ተርፏል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ልቧ ግን አንድ ነገር ላይ ተጠምዶ ቀረ። ካልጠረጠረ ቁልፉን ምን አስወጣው? ያመነው እሷን ነው ወይስ ቁልፉን?

ስልኳን አውጥታ ሸምሰዲን ጋ ደወለች።

«እህቴ! ሰውየው ወደደው?»

«ወደደው። ሸምሰዲን… ቀለበቱ ራሱ ነው።»

ከወዲያ በኩል ማሽኑ ሲያጉረመርም ይሰማል።

«ምነው፣» አለ ሸምሰዲን፣ «ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?»

«አይ፣ ምንም» አለች ሸዋአየሁ፤ ስልኩን ዘጋች።