ወንድምየው ሳይናገር አለቀ

ድንቄም መጨረሻ! አምስት ዓመት ስንጠብቀው የኖርነው ተከታታይ ፊልም ሲያልቅ ከአፌ የወጣው ይህ ነው። ቀጥሎ የወጣውን አልጽፈውም፤ እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ልጆች አስተምራለሁ።

ፊልሙ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ታላቁ ንጉሥ ነው። ታናሹ እንደ ሰው የሚናገረውን ወንዝ መርዟል ተብሎ ገና በመጀመሪያው ሲዝን ከአገር ይባረራል። ወንዙ ዝም ይላል፣ አገሩ ይደርቃል፣ ከተራራው ሆድ አመድ የለበሱ አሞራዎች እየወጡ ሰው ይለቅማሉ። እኛ ተመልካቾች ግን ታናሹ እንዳልመረዘ እናውቃለን። አንድ ቀን ወንድሙ ፊት ቆሞ ወንዙ በተመረዘበት ሌሊት ያየውን ይናገራል ብለን ነው አምስት ሲዝን የጠበቅነው። አሞራውም፣ ጦርነቱም፣ በየደቂቃው ልብስ የምትቀያይረው ንግሥትም ለእኛ ማጣፈጫ ነበሩ።

ፊልሙን የምናገኘው ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካለች ጠባብ ሱቅ ነው። ፍላሽህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ሰውየው ይጭንልሃል፣ ቤትህ ገብተህ ቴሌቪዥኑ ላይ ትሰካዋለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ክፍል በመጣ ቁጥር ባጃጅ ነጂው፣ ነርሷ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛው፣ እኔን የመሰለች የሃይስኩል አስተማሪ ሁሉ እዚያች ሱቅ በር ላይ ነው። ሁሉም አዋቂ ነው። ሁሉም መጨረሻውን ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ የማውቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አምስት ደቂቃ ካየሁ መጨረሻውን እነግራችኋለሁ እያልኩ መምህራን ክፍል ውስጥ ስደነፋ ነው የኖርኩት።

እኔ የማየው ለሁለት ሰው ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሞርሲቶ ከተማ ያስተማረ ሰው ነው፤ ስኳር ዓይኑን ከወሰደበት ጊዜ ጀምሮ ከእኔ ጋር ይኖራል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ጎኑ ቁጭ ብዬ በሀዲይኛ እተርክለታለሁ። መጀመሪያ ላይ «ወንዝ ይናገራል? አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ?» ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ ግን «ያ ምስኪን ልጅ እንዴት ሆነ?» ብሎ የጠየቀኝ እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜን መጠበቅ ሆነ ሥራው። እኔ ስተርክ ግማሹ ትረካ ግማሹ ስድብ ነው። ንግሥቲቱን እሰድባለሁ፣ ጦር አዛዡን እሰድባለሁ፣ ጸሐፊዎቹን እሰድባለሁ። «ስድቡን ቀንሺና ታሪኩን ንገሪኝ» ይለኛል እየሳቀ። «አንዲት ቃል እንዳትዘይብኝ ግን።»

አልዘለልኩበትም። የፊልሙን ማለቴ ነው።

አባቴ ፎንቆ የሚኖር አንድ ታናሽ ወንድም አለው። ከአራት ዓመት በፊት ሌሞ ባለችው የአባታቸው መሬት ላይ፣ በአንድ ረድፍ የእንሰት ድንበር፣ ተጣሉ። በድንበሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይታረቁ ነበር። ዘመዶቻችን ግን፣ እግዚአብሔር ይይላቸው፣ አንድ ወሬ ይዘው መጡ፤ አጎቴ «ድሮስ ዓይን የለው፣ ድንበሩን የት ያየዋል» ብሏል አሉ። የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል ማለት ይኼ ነው። አባቴ ያን ቀን «ድምፁ ጆሮዬ እንዳይገባ» አለ። አጎቴ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ አባቴ ሁለቱንም ጊዜ ከደጅ መለሳቸው። እኔም አበጀህ አልኩት። ያን ቀን አጎቴን እንደጠላሁት አድርጌ የጠላሁት ሰው የለም።

የመጨረሻው ሲዝን እየወጣ ሳለ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከፎንቆ የአጎቴን ደብዳቤ ይዞ መጣ። አባቴ ተቀበለው፣ በጣቶቹ ዳሰሰው፣ «አንብቢልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ከደብተር የተቀደደ ሦስት ቅጠል ወረቀት ነው፤ ጽሑፉ የሚያምር፣ ፊደሉ የተለቀመ። ቆሜ ለራሴ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። ግማሹ ሰላምታ ነው። ቀሪው መሬቱ በአያታችን ጊዜ እንዴት እንደተከፈለ፣ የትኛው ረድፍ የማን እንደሆነ ይዘረዝራል። ኤዲያ! አጠፍኩት።

«ምን ይላል?» አለኝ አባቴ።

«መሬቱን ይፈልጋል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይኖረዋል አባ?»

 እኔም ወረቀቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ከቀበሌ ወረቀቶች ጋር ወረወርኩት። የሁለተኛውን ገጽ የመጀመሪያ መስመር እንኳ አላየሁም፤ መጨረሻውን አውቀዋለሁ ብዬ።

በወሩ ገደማ ከፎንቆ ቅቤ ይዛ የመጣች ሴትዮ የአጎቴ ልጅ ተድራ ዱራሜ ገባች ብላ ነገረችን። በእኛ ዘንድ ልጅ ስትዳር የአባቷ ታላቅ ወንድም በሕይወት እያለ ሌላ ሰው ቆሞ አይመርቃትም። አባቴ እጁ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «የወንድሜ ልጅ ተድራ ከቅቤ ነጋዴ ልስማ?» አለ። ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ከዚህ ሌላ አላወራም፤ «ጠልቶኝስ ይጥላኝ፣ ለልጅቷ እንኳ አይነግረኝም?» እያለ ግድግዳውን ሲጠይቅ ይውላል። እኔ ደግሞ እሳቱ ላይ እንጨት እጨምራለሁ። «ድሮስ ከእሱ ምን ትጠብቃለህ?» እለዋለሁ። ምናለ ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

የመጨረሻው ክፍል የወጣው ከዚህ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከምሳ በኋላ አባቴን ትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት፣ ፍላሹን ሰካሁ። ታናሹ ወንድም ቤተ መንግሥት ገባ። ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሣ። አገሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ታናሹ ካባውን አወለቀ፣ ወንድሙን ትክ ብሎ አየው፣ «ያን ሌሊት» አለ። እኔም «ያን ሌሊት» ብዬ ተረጎምኩ። አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

ይሄኔ ጣራው ተሰነጠቀ። አንድ ዝሆን የሚያህል አሞራ ገብቶ ታናሹን አንሥቶት ሄደ። በቃ! ከዚያ «ከአሥር ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ንጉሡ ሸብቷል፣ አበባ ውሃ ያጠጣል። ወንዙ፣ ማን እንዳስታረቀው ሳይታወቅ፣ በራሱ ጊዜ መናገር ጀምሮ «ሁሉም አለፈ» አለ። ሙዚቃ። የሠራተኞች ስም ዝርዝር። አሞራውን የሳሉት ሰዎች ብቻ አንድ መንደር ይሞላሉ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል «ልጁ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፋ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው እኮ ለእነዚህ ነው።

«ቀጥዪ» አለኝ አባቴ።

«አለቀ።»

«ታናሹስ ምን አለ?»

«ምንም። አሞራ ወሰደው።»

«ባለ ሱቁ ቆርጦት ይሆናል» አለ። እኔም ይህን አስቤ ነበር፤ ጫማዬን አጥልቄ ወደ ሱቁ በረርኩ። ብቻዬን አልነበርኩም። አገር ተሰብስቦ በሩን ይደበድባል። የፊዚክስ አስተማሪው «አንድ ክፍል ደብቀሃል፣ አምጣ!» ይላል። ነርሷ «አራት ሌሊት ተረኛ ሆኜ ተጋድዬ የጠበቅኩት ይሄን ነው?» ትላለች። አንድ ባጃጅ ነጂ ደግሞ ባለ ሱቁ መጋዝ በእጁ የያዘ ይመስል «አንተ ነህ የቆረጥከው! አንተ!» እያለ ሰውየውን በጣቱ ይወጋዋል። ምስኪኑ ሰውዬ ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየን፤ ሙሉው ይኸው ነው። ማንም አልቆረጠም። እንዲህ አድርገው ነው የጻፉት። ከዚያ ሁሉ ጨዋ ሰው አፍ የወጣውን ስድብ ሰምቼ እኔ እንኳ አፈርኩ።

ቤት ተመልሼ ለአባቴ ይህንኑ ነገርኩት። ተነሥቶ ቆመ።

«ሳይሰማው?» አለ። «አምስት ዓመት አንከራትቶ ሳይሰማው? ሰው የገደለ እንኳ በሽማግሌ ፊት ቃሉን ይሰጣል! ምን ዓይነት አረመኔዎች ናቸው?»

«ደደቦች ናቸው አባ።»

«የሆነውን ሁሉ ነግረሽኛል? ሰልችቶሽ አላሳጠርሽብኝም?»

«እኔ?» ጮህኩበት። «እኔ አንተ ላይ አንዲት ቃል ዘልዬ አውቃለሁ?»

ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ጉልበቱን ሲያሽ ቆየ። «ያ የወንድሜ ደብዳቤ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ስትነግሪኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በእጄ ስይዘው ግን ወፈር ያለ ነበር። አምጪውና ከላይ እስከ ታች አንብቢልኝ። መሬቴን ይፈልግ፣ ግድ የለም። እንዲያው ልስማው።»

አመጣሁት። የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብዬ፣ ትንሽም እያፌዝኩ፣ አነበብኩ። ሁለተኛውን ገለጥኩ። «ወንድሜ ሆይ፣ ዓይን የለውም ብሏል ተብሎ የተነገረህን እኔ አላልኩም። ያልኩት፣ ወንድሜ ድንበሩን ማየት አይችልምና እሱ መጥቶ በእጁ ሳይዳስሰው ማንም አንዲት እንሰት እንዳይነካ ነው።» አባቴ ወደ እኔ ተጠጋ። የእኔ ዓይን ግን ቀድሞኝ ወደ ታች ሮጧል፤ የሚቀጥለውን አየሁት፤ ማንበቤን አቆምኩ።

አያይም። ይህን አሰብኩ፤ አልዋሽም። አምስት መስመር ብዘል ማን ያውቃል? ድንበሩንና ያን የወሬ ነገር ሰምቷል፤ በዚሁ ይታረቃሉ፤ ሠርጉ እንደሆነ አልፏል።

«ለምን አቆምሽ?»

አነበብኩት። «መሬቱ ይቅርብኝ፣ ላንተው ይሁን። ልጄ በጥር ሁለተኛው ቅዳሜ ትዳራለች። አንተ እያለህ ሌላ ሰው አይመርቃትም። ወንበርህን ከፊት አስቀምጣለሁ፤ ካልመጣህ ባዶውን ይውላል እንጂ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።» ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ይህን የምታነብልህን ልጃችንን እግዚአብሔር ይባርካት። እሷ ባትኖርልህ ኖሮ ደብዳቤዬን ለማን እልክ ነበር?»

ይሳደባል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝም ደስ ባለኝ። «ነገ ፎንቆ ውሰጂኝ» ብቻ አለ።

በማግስቱ ከቤተክርስቲያን በኋላ በሚኒባስ ሄድን። አጎቴ ግቢው በር ላይ ሲያየን ባለበት ቀረ። አባቴ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ «ደብዳቤህ ትናንት ነው የደረሰኝ» አለ። አጎቴ እጁን ያዘው፤ ሁለቱም አለቀሱ፤ እንደ ሕፃን፣ ያለ እፍረት። ገብተን ሳንቀመጥ ግን አጎቴ ተቆጣ። «ሰባት ሳምንት!» አለ። «ያ ሹፌር በዚያው ቀን አደረስኩ ብሎኛል! በልጄ ሠርግ ወንበሩ ባዶውን የዋለው በእሱ ነው? እንዲህ ያለ ውሸታም! ሰው ፊት አቁሜ ነው የማዋርደው!»

አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። ዝም ብል ዝም ይልልኝ ነበር።

«አጎቴ» አልኩ፣ «ሹፌሩ አድርሷል። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ያጠፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎን ስለናቅሁ ነው።»

 አጎቴ ስልኩን አውጥቶ ደወለና ሰጠኝ። «ይህን ለእኔ አትንገሪኝ» አለ። «ለእሷ ንገሪያት።»

ዱራሜ ያለችው ሙሽራ ነበረች። ነገርኳት። አፌ ውስጥ ለሰው ሁሉ የሚሆን ቃል አልጠፋም ነበር፤ ያን ቀን ግን እየተንተባተብኩ ነው የጨረስኩት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ አንድም ቁጣ በሌለበት ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ደብዳቤውን እኮ አባባ እየነገረኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምናልባት ጽሑፌ አልነበብ ብሎሽ ነው?»

አዎ ብላት ታምነኝ ነበር።

«አይደለም» አልኳት። «ጽሑፍሽ በጣም ግልጽ ነው።»