አናት ላይ የቀረው ሜትር

ተቀምጦ መዋል አልወድም። ድሮ ፊዚክስ ሳስተምር እንኳ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ከጥቁር ሰሌዳው እስከ መጨረሻው ዴስክ እመላለስ ነበር። በአርባ ስድስት ዓመቴ ግን ባሕር ማዶ፣ ኖርዝጌት የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ ኮሌጅ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቼ ያንኑ ፊዚክስ እንደ አዲስ መማር ጀመርኩ። የራጅ ቴክኒሻኖችን የሚያሠለጥነው ፕሮግራም ፊዚክስን በጥሩ ውጤት ያላለፈ አይቀበልም። ካልተቀበለኝ ስካይዌይ ሰፈር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አልጋ ማንጠፌንና ሰው ማንሳቴን እቀጥላለሁ። ወገቤ ደግሞ በቃኝ ካለ ቆይቷል።

ፊዚክሱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረችኝ መልስ የሚጻፍባት ሣጥን ናት፤ ኢኩዌሽን ኤዲተር ይሏታል። ቁጥሩ ብቻ አይበቃትም፣ የመለኪያ አሃዱንም በቦታው ትፈልጋለች። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን አሥር ይጻፍና አናቱ ላይ ትንሽ አምስት ወይም ስድስት ይቀመጣል። ያቺን ትንሽ ቁጥር ለመጻፍ ከርሰር የምትባለው ብልጭ ድርግም የምትል መስመር ወደ ላይ ትወጣለች። በቀስት ቁልፏ ካላወረዷት እዚያው ትቀራለች። እኔ ደግሞ ለማውረድ የት ጊዜ አለኝ። አምስቱን መትቼ ሳልጨርስ አሃዱን እመታለሁ፣ ወዲያው እልከዋለሁ። ሜትሩ ከአምስቱ ጋር አናት ላይ ተሰቅሎ ይቀርና ቀይ ኤክስ ይመጣልኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ለመልቀሙም ትዕግሥት የለኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምታስጠናኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነበረች። ሆሳዕና ከተማ አሥራ አንደኛ ክፍል አስተምሬአታለሁ። አሁን ሬድመንድ በሚባል ከተማ የሶፍትዌር ሥራ አላት፣ ኮሌጁ የምትመጣው በነፃ ለመርዳት ነው። መጀመሪያ ቀን እኔ አላወቅኋትም፤ እሷ ግን ከበሩ ሳልገባ "ቲቸር" ብላ ብድግ አለች።

"ቲቸር፣ ሰብሚት ከማድረግዎ በፊት ቀስ ይበሉ። ቀኝ አሮውን ይጫኑ፣ ከርሰሩ ይውረድ፣ ከዚያ ዩኒቱን።"

"አውቃለሁ እኮ።"

"ማወቁንስ ያውቃሉ። ግን አያደርጉትም።"

ጉልበቴ ጠረጴዛውን ከሥር ሲመታ ትሰማለች።

የአጋማሽ ፈተናው አሥር ጥያቄ ነበረው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሙከራ ብቻ። ሦስቱ ላይ ሜትሩ አናት ላይ ቀረ፣ ሦስቱም ዜሮ ሆኑ። ስሌቴ ልክ እንደነበር ወረቀቴ ላይ አለ። በዚያ ውጤት ራጁ አይታሰብም።

ለመምህሩ ኢሜይል ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬን ተማሪዬ እስክታይልኝ ድረስ ግን አልላክሁትም፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ከመስኮት መስኮት ስንቆራጠጥ ሰነበትኩ። ጽሑፉ አጭር ነበር። ስሌቱ ልክ ነው፣ አሃዱንም አውቀዋለሁ፣ ያሳሳተኝ ችኮላ ነው፣ ወረቀቴን አያይዣለሁ፣ እባክዎ ይዩልኝ። አንብባ ጨረሰችና እንደገና ከላይ ጀመረች።

"ምነው፣ ስህተት አለው?"

"የለውም። ብቻ ይህንኑ እኔም ብዬዎት ነበር፣ ቲቸር።"

ወዲያው ትዝ አለኝ። አሃድ ሳይጽፍ መልስ የሰጠኝን ተማሪ ሁሉ "አምስት ምን? አምስት ፍየል?" እያልኩ ክፍሉን አስቅበት ነበር፣ ግማሽ ማርክም እቆርጣለሁ። እሷ አንድ መልስ ላይ አሃዱን ዘልላ፣ የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ወረቀቷን ይዛ ቆማ "ቸኩዬ ነው እንጂ አውቀዋለሁ" ስትለኝ፣ "ችኮላሽን ለእናትሽ ንገሪያት" ብያት ሻዬን ልጠጣ ገባሁ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ቁናው ባሕር ተሻግሮ ይከተለኛል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።

"ሴንድ ላድርገው?" አለችኝ።

"አድርጊው" አልኳት፣ ፊቷን ሳላይ።

ቦርሳዬን ይዤ ልነሳ ስል መልሱ መጣ። ሁለት መስመር ነው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፣ ስሌቱ ልክ ነው፣ ሦስቱንም ሙሉ አድርጌልሻለሁ ይላል። አልተቆጣኝም፣ አልቀለደብኝም፣ ግማሽ እንኳ አልቆረጠብኝም። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። አሥራ አራት ዓመት ሳስተምር ለአንድ ልጅ እንኳ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። መልሼ ተቀመጥኩ። እግሬ ዝም ብሏል።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቲቸር። ሶ አሁን ያልፋሉ ማለት ነው።"

"ያን ቀን ስንት ነበር ያገኘሽው?" አልኳት።

የሚቀጥለውን ጥያቄ እየከፈተችልኝ ነበር። ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም፣ ለማስታወስም አልቆመችም።

"ከአርባ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል።"